የጤዛ ቅናሽ

ከአክስቴ አጥር ቆርጬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣
በባቡር ይዤያት መጣሁ፣ እንደ ሕፃን አባብዬ፤
አንዲት ቁራጭ ጠምበለል፣ ሦስት ቅጠል ብቻ ያላት፣
ብራንካሌዮኔ ድረስ፣ ባሕር አፉ ላይ ላለው ቤት።
የወይራ ዘይት ቆርቆሮ ሥሩን በምስማር በስቼ፣
በጠጥና አሸዋ ሞልቼ፣ ገለባም አስገብቼ፣
ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር፣ የጧት ፀሐይ ባረፈበት፣
ተከልኳት፤ ግድግዳው ላይ ሲባጎ ወጠርኩላት።

አማቴ ሳቬሪያ ከበሩ ቆማ አየች።
እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣
«ንቀዪው» ብቻ አለች።

አልነቀልኩም። እልኸኛ፣ የተራራ ሰው ልጅ ነኝ፤
«መዓዛ የሚጠላ ሰው ከወዴት መጣ?» አሰኘኝ።

ያ ዓመት ቅጠል ብቻ ነው። ክሽክሹን በሳሙና አጠብኩ፤
የባሕር ነፋስ ጨው ሲረጭ በጆንያ ሸፈንኩ፤
ጥር ላይ የደረቀውን በመቀስ መለመልኩ።
ባሌ ፎርቱናቶ፣ ከዓሣ ማስገር መጥቶ፣ ሳቀብኝ፦
«ቆርቆሮ ታጠጫለሽ፤ ዝገት ያብብልሽ» አለኝ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በሐምሌ ሐሩር መሃል፣
አንድ ሌሊት ነቃሁኝ፤ ቤቱ የሰው ቤት ይመስላል።
ወጣሁ። ከጨለማው ላይ አሥራ አንድ ነጭ ነጥብ፣
ቆጠርኳቸው ደጋግሜ፣ እንደ ደመወዝ ገንዘብ።
በዚያ ሙቀት፣ ጎረቤት ፍራሽ አውጥቶ በሚያድርበት፣
ሳቬሪያ መስኮቷን ዘግታ ጨርቅ ወተፈችበት።

ጧት ዳቦ ስትቆርስ፣ ሳልጠይቃት ተናገረች፦

«አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ
እስኪነጋ ለቀማ ነው፣ ወገብ እንደ ማጭድ ዞሮ።
ፀሐይ ከነካው መዓዛው ይሸሻል፤ ለሽቶ አይሆንም፤
ስለዚህ ጌቶች ሲተኙ እኛ ግን አንተኛም።
ለአንድ ኪሎ አበባ አሥር ሺህ ጊዜ እጅ ይዘረጋል፤
ባዶ እግር በመስኖው ጭቃ እስኪያብጥ ድረስ ይርሳል።
ልጅ ያላት፣ በቅርጫት አርጋ ከመስመሩ ጫፍ ታስተኛለች፤
ቢያለቅስ ታቋርጣለች? ኪሎ ነው፤ ትለቅማለች።

«ከዚያ ሚዛን። ጋስፓሬ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
‹ጤዛ አለው› ይላል ሁልጊዜ፣ ከአምስት አንዱን አንስቶ።
የጤዛ ቅናሽ ይሉታል፤ በመዝገቡ አለው ዓምድ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለቀምኩ። ስንት ይሆናል ባንድ?
ሽቶው? በመርከብ ሄደ። ጠርሙሱን እንኳ አላየሁት።
ሽታው ጸጉሬ ውስጥ ቀረ፤
ለሠርጌ ቀን አጥቤ፣ አጥቤ፣ አላስለቀቅኩት።»

መቀሱን ይዤ ወጣሁ፤ ከሥሯ ልቆርጥ ነበር፤
«ተያት» አለችኝ ከውስጥ። አልጨመረችም ነገር።

ነሐሴ፣ አንድ ሌሊት፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣
ኮሽታ ሰማሁ፣ ቀጭን፤ የሐረግ ንዝረት ብቻ።
ሳቬሪያ ናት፣ ባዶ እግሯን፣ የሌሊት ልብሷን ሰብስባ፤
ዓይን ያበቀሉ ጣቶቿ ይቀነጥሳሉ አበባ።
ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ማንኪያ ይንቀጠቀጥባታል፤
ከሐረጓ ዘንድ ግን እጇ የሃያ ዓመት ይሆናል።

መሐረቧ ሲሞላ ገባች፤ የዱቄት ሚዛኔን አወረደች፤
አበባውን ገለበጠች፤ መርፌው እስኪቆም ጠበቀች።
«እርሳስ አለሽ?» አለችኝ። ከገበያ ዝርዝር ጀርባ
ጻፍኩ፦ ሃያ ሁለት ግራም። ቀን። ስም። የጠምበለል አበባ።
«ጤዛውስ?» አልኩ፣ ሳላስበው ከአፌ አምልጦኝ።
ሚዛኑን በጣቷ ነካች፤ ቀና ብላ አየችኝ፦
«ከነጤዛው ነው። ሳትቀንሺ።»

አበባው ቀትር ሳይደርስ ጠውልጎ ቡናማ መሰለ፤
ለዶሮ በተንኩት። ወረቀቱ ግን ዛሬም አለ፤
ከመብራት ደረሰኝ ጋር በመሳቢያው ውስጥ ይገኛል፤
ፊርማዋ ከታች፣ ጠማማ፤
ጤዛው ትንሽ አጥፍቶታል።